የተሟጠጠችው

«ቆጣሪዋ» ያሏት ቤተሰቦቿ ናቸው። ምን ያድርጉ፣ ሥራዋን በአንድ ትንፋሽ መናገር አቃታቸው። ፊዚክስ ተምራ የኑክሌር ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፤ ዩራኒየም የሚባል ነገር፣ ቅንጣትም ብትሆን፣ ወደ ቦምብ ሠሪ እጅ እንዳትገባ ካለችበት አለመነቃነቋን የምታይ እሷ ናት። የታክሲ ሹፌሩ አባቷ «የኑክሌር ማብላያ በሌለበት አገር ምኑን ትቆጥሪያለሽ?» ይላታል። ማታ በር ስታንኳኳ ደግሞ «ቆጣሪዋ መጣች፤ መብራት አጥፉ» ብሎ ቤቱን በሳቅ ያፈነዳዋል። እናቷማ ለጎረቤት «ልጄ ነርስ ናት» ብላ ተገላግላለች።

እሷ ግን ሥራውን ወዳዋለች፣ ያውም ክፉኛ። ችግሩ ገና በሙከራ ላይ መሆኗ ነው። አለቃዋ ደግሞ ሰው በዋዛ የሚቀበሉ አይደሉም። ቢሮው «ጋሽ ይረጋገጥ» ይላቸዋል፤ ዝናብ እየወረደባቸው እንኳ «ይረጋገጥ» ሳይሉ ጃንጥላ አይዘረጉም። ጠርተው አንድ ሥራ ሰጧት። ከአሮጌው ሆስፒታል የተነቀለ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ነበር፤ የጨረር መከለያው የተሠራው ከተሟጠጠ ዩራኒየም ነው። ጉልበቱ ተመጦ የወጣ፣ ከእርሳስ የሚከብድ ብረት ማለት ነው። ለቦምብ አይሆንም፤ ቢሆንም ዩራኒየም ነውና ይቆጠራል። መከለያው ግን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የውጭ ተቆጣጣሪዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ካገኘችው ቋሚ ትሆናለች፤ ካላገኘችው አገሪቱ «ጠፋብኝ» ልትል ነው፣ እሷም ወደ ቤቷ።

የሆስፒታሉ ንብረት ክፍል ሄደች። ኃላፊው ሆዳቸው ከጠረጴዛው ቀድሞ ሰላም የሚል፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። የተሟጠጠ ዩራኒየም እንደምትፈልግ አስረዳቻቸው።

«ከተሟጠጠማ ከየት ይመጣል፣ ልጄ?» አሉ በሐዘኔታ።

የሚቀልዱባት መስሏት ደግማ ጠየቀች። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። መደርደሪያውን አብረው በረበሩት፤ አቧራ ቃሙ እንጂ ምንም አላገኙም። ስትወጣ በሩ ላይ እንቅፋት መትቷት ጣቷን ይዛ አነከሰች። ዛሬስ እንቅፋቱም አላገጠብኝ አለች በልቧ፣ እንባዋም መጣ።

ማታ ቤቷ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። አባቷ ለሻዩ ስኳር ቢጠይቅ እናቷ ከወጥ ቤት «ተሟጧል» አለችና ጣሳውን ገልብጣ አሳየችው። ልጅቷ ጣሳውን አየችው። ከተሟጠጠ ጣሳ ስኳር ከየት ይመጣል። ተሟጧል ማለት የለም ማለት ነው፣ በቃ! «የተሟጠጠ ዩራኒየም» የቢሮ ሰው ለቢሮ ሰው የፈጠረው ቃል ነው፤ ሰውዬው ምን በወጣቸው። እስኪያማት ሳቀች። አባቷ ይህቺ ልጅ ጨረሩ ነካት እንዴ ብሎ ሰጋ።

ጠዋት ቃሉን ቤቷ ትታ ወደ ንብረት ክፍሉ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ማንቆርቆሪያ የምታህል፣ ግን አንድ ሰው የማያነሳት ብረት አይተው ያውቃሉ?»

«እሷማ ትናንት መታችሽ አይደል እንዴ?» አሉ ወደ በሩ እያሳዩ።

በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፋ ተቀምጣለች፣ ጉድ እኮ ነው። ልጅቷ ተንበርክካ የጨረር መለኪያዋን አስጠጋች፤ ቀስ ብሎ ጠቅ ጠቅ አለ። ሰውዬው በዚያ ሆድ እንዲያ መዝለል ይችላሉ ብሎ ማንም አይገምትም። ቀለሟ እንዳልተላጠና ማንንም እንዳልጎዳች ነግራ አረጋጋቻቸው። በአራት ጎልማሳ አስነስታ የሚቆለፍ ክፍል አስገባችና በሩን አሸገችው። ኃላፊው ግን አኮረፉ፤ በሬን አሁን ምን ይያዝልኝ ነው ነገሩ። በማግስቱ በአባቷ ታክሲ ኋላ ጥሩ ድንጋይ ጭና መጣችላቸው።

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ አመስግነው ሄዱ። ጋሽ ይረጋገጥ አስጠሯት። ፊታቸው አይነበብም።

«የሙከራ ጊዜሽ ተሟጧል» አሉ።

መታወቂያዋን ከአንገቷ ልታወልቅ ጀመረች። የሆስፒታሉን ጉድ ራሷ ነበረች የነገረቻቸው፤ እሳቸው ሊያሾፉ ይችላሉ ብላ ግን በሕልሟም አላሰበችም። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ሲያመልጣቸው ነው የገባት።

«ቋሚነትሽ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ተረጋግጧል።»

ያን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሠራተኛ ቢሮው ውስጥ የለም። ወደ ቤት በሩጫ ነው የገባችው፤ በር ሳታንኳኳ፣ ከግቢው መግቢያ ጀምራ እየጮኸች። አባቷ ሰምቶ ብድግ አለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ቆጣሪዋ መጣች» አለ፤ «አምፖሉን ሁሉ አብሩት፣ ዛሬ ይቁጠር።»