የጠጋኙ ሚስት ታድላ

ስልኳን ልታሠራ የመጣችው ሴትዮ ዓይኗን ከጠጋኙ ላይ መንቀል አቃታት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ማጠፊያው በፕላስተር የታሰረ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሯል።

«አርጅታለች፤ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ስጭንባት እንዳይከብዳት የግድ የሚያስፈልጋትን ብቻ ነው የጫንኩት። አሁን ዋይፋይ እምቢ አለች» አላት።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ የተደረደረውን ነጭ ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ምን ጎደለሽ፣ የኔ እመቤት? አሃ፣ ዋይፋዩን የሚያሠራውን ድራይቨር ረስቼው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሴትዮዋን ቅናት አንገበገባት። እሷን ባሏ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ሚስቱ ታድላ፣ አለች በሆዷ።

የጠጋኙ ስልክ ጠራ፤ ሚስቱ ነበረች። «ሥራ ላይ ነኝ፣ አትጨቅጭቂኝ» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። «እሺ፣ ምን እያልሽኝ ነበር?»

ሴትዮዋ ቅናቷን ከሚስቱ ላይ አንስታ አሮጌዋ ላፕቶፕ ላይ አደረገችው።