ለፊልሙ አምባገነን ያጨበጨብን ዕለት

ፊልሙ የአንድ አፍሪካዊ አምባገነን ታሪክ ነበር። የኢምፔሪያሊዝም አሽከር ምን እንደሚመስል ሕዝቡ ይይ ተብሎ፣ ቀበሌያችን እሑድ ከስብሰባ በኋላ በሰልፍ ፒያሳ ወዳለው ሲኒማ ቤት ተነዳ። መቅረት ያስቀጣል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጎረቤታችን መምህሩ በድምፅ ማጉያ እንዲያስተረጉም ታዘዘ። ከእስር ገና መውጣቱ ነበር። ሊቀመንበሩ በሁላችን ፊት፣ «አንዲት ቃል ብታጣምም ወደ መጣህበት ትመለሳለህ» አለው። ስንቅ ማመላለስ ያከሳት ሚስቱ አጠገቤ ተቀምጣ ሰማች።

እኔ ያኔ ትምህርቴን አቋርጬ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ግጥም የምጭር ጎረምሳ ነበርኩ። የሰው አፍ ማየት ልማዴ ነው። የአምባገነኑ አፍ አያርፍም። የዶሮ ብልት ይግጣል፤ ስቡ አገጩ ላይ ያበራል፤ በዚያው እጁ የወታደሩን ጉንጭ ይደባብሳል። ከፊት ወንበር ሊቀመንበራችን ቆሎ እየቆረጠመ ያያል።

አንድ የታሰረ ሰው አምጥተው ከማዕዱ ፊት አንበረከኩት። አምባገነኑ አፉን ጠረገና አጭር ነገር ተናገረ። በእኔ ቁንጽል እንግሊዝኛ እንኳን ይገባል፤ ግደሉት ነው ያለው።

«አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበት» አለ መምህሩ።

ሊያሽሟጥጥ አስቦ አይመስለኝም። ከሬዲዮው፣ ከስብሰባው፣ ከግድግዳው ጽሑፍ ምላሱ የለመደውን ነው ያወጣው። በዚያ ዘመን አማርኛ ሰው በሌላ ቃል አይገደልም ነበር።

ስብሰባ ላይ ይህ ሲባል ይጨበጨባል፤ የዘገየ ሰው ይታያል። ቀድሞ ያጨበጨበው ሊቀመንበሩ ነው። ቆሎው ከጭኑ ተበተነ። አዳራሹ በሙሉ ተከተለው፤ አንዳንዱም ግራ እጁን አንስቶ «ይውደም» አለ። ሸራው ላይ የታሰረው ሰው በጥይት ተደፋ፤ እኛ እናጨበጭባለን። ድምፁ እንደ እርጥብ ነገር ፊቴ ላይ የተለጠፈ መሰለኝ። ከዚያ ሰው ነገሩ እየገባው፣ ጭብጨባው ወንበር በወንበር እየከሰመ ሄደ።

ሚስትየው ጉልበቴን ጨመደደችው። «በቃ፣ ወሰዱት» አለች።

ስንወጣ ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆሞ በክብሪት እንጨት ጥርሱን ይጎረጉራል።

«መምህር።»

«አቤት፣ ጓድ።»

«ሰውዬው በእንግሊዝኛው ምን አለ?»

«ግደሉት ነው ያለው።»

«ታዲያ ግደሉት በል እንጂ። እርምጃ የኛ ቃል ነው፤ ለሱ አይሰጥም።» ከእንጨቱ ጫፍ ያገኘውን አይቶ መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው። «ሳምንት ለሚመጡት ገበሬዎች ስታስተረጉም አስተካክል።»

ሊያስረው እንዳልቻለ ገባኝ። ቢያስረው፣ ቀድሞ ያጨበጨበው ማነው ይባላል።

በሳምንቱ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከኮሶዬ ገበሬዎች በጭነት መኪና ተጭነው መጡ። ሚስትየው ብቻዬን አልችልም ብላ ለመነችኝና አብሬያት ሄድኩ። ያው አፍ፣ ያው ስብ። የታሰረው ሰው ተንበረከከ።

«ግደሉት» አለ መምህሩ።

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላችን አንድ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ወደ ጓደኛው ዘንበል አለ።

«አያ፣ ይኼስ ሸጋ ሰው ነው።»

«ምነው?»

«ሊገድል ሲያስብ ግደሉት ይላል።»

በወንበሮቹ መሃል የታፈነ ሳቅ ሮጠ። መምህሩም ሰምቶ ኖሮ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጎ እጅጌውን ነከሰ። ሸራው ላይ አምባገነኑ ቅባታም ከንፈሩን እያላቀቀ ይናገራል፤ በአማርኛ ግን ምንም አይሰማም። ከፊት ወንበር የሊቀመንበሩ አንገት መዞር ጀመረ።

«አስተርጉም» አለች የመምህሩ ሚስት በጥርሷ መሃል። «በልጆችህ፣ አስተርጉም።»