ሳሉ ለቀቀ፣ ጥላውስ?

ያን ክረምት ሰርቦ ከተማ፣ ቤቴ ውስጥ ስስል ጅማ ያለ ሰው መስኮቱን ይዘጋ ነበር። ባለቤቴ ሦስት ሳምንት ታገሠችና በአራተኛው እንደሚሸጥ በግ ጎትታ ጅማ ክሊኒክ አስገባችኝ። ደረቴን ራጅ ተነሣሁ።

ወጣቱ ሐኪም ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ በቀኝ ሳንባዬ ግርጌ አንድ ነጭ ደመና አሳየን።

«የሳንባ ምች ይመስላል፣ አባባ። መድኃኒቱን ይጨርሱ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ይህን ፊልም ይዘው ይምጡ፤ ድጋሚ እናነሣዎታለን።»

ከሳንባ ምቹ ይልቅ «አባባ» ማለቱ አመመኝ። «ከዳንኩስ?» አልኩት።

«ሳሉ ቀድሞ ይለቃል፤ ፊልሙ ላይ ያለው ጥላ ቀስ ብሎ ነው። ያኔም ካልጠፋ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳለ ማጣራት አለብን።»

«ሌላ ነገር» ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ባለቤቴም አልጠየቀችም። ሃያ ዓመት ሲጋራ ያጨስኩት እኔ ነኝና ለሁለታችንም ገብቶናል።

መድኃኒቱን ሳልጨርስ ሳሉ ድራሹ ጠፋ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ጀንፈል ስገዛ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና እፍኝ አንሥቼ ጆሮዬ ሥር እወዘውዘዋለሁ፤ ከተንኳኳ ደርቋል፣ አለቀ። ዋላሂ፣ በዚህ ጆሮ ቡናው የተሰጣበትን ቀን እንኳ እነግርሃለሁ! ደረቴንም በዚያው ጆሮ መረመርኩት። ሲር ሲር የለ፣ ኩርፍ ኩርፍ የለ። ድኛለሁ።

ስድስተኛው ሳምንት ደረሰ። «ዛሬ ገበያ ነው» ብዬ ጫማዬን አጠለቅሁ።

«ማሎ፣ አንተ ሰውዬ! ፊልሙን የት አደረግኸው?» አለች ባለቤቴ።

«ፊልም ምን ያደርግልሻል? ነይ ስሚው፤ ጸጥ ብሏል።»

«አምና ጆሮህ ያሳለፈው ጀንፈልስ? ላይ ላዩ እየተንኳኳ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ጆንያው ውስጥ ሻገተ። አፍንጫውን ይዞ መጋዘኑን የጠረገው ማነው? አንተ ነህ?»

እኔ በክርክር ከምረታ ጊቤ ወንዝ ወደ ኋላ ቢፈስ ይቀላል። ያን ቀን ግን ተረታሁ። ፊልሙን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁና ሚኒባስ ተሳፈርን።

ሐኪሙ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ሰቀለ። ከዚያ አንዱን ከአንዱ ሲያስተያይ አንድ ረመዳን ሙሉ የሚያህል ጊዜ ፈጀ።

«አዩት? እዚህ ጋ የነበረው ደመና የለም። ንጹሕ ነው። ባይመጡ ኖሮ ግን ይህን ማንም አፉን ሞልቶ ሊነግርዎት አይችልም ነበር።»

ልቀልድበት አፌን ስከፍት ባለቤቴን አየኋት። ጠዋቱን ሙሉ ስትነዘንዘኝ የነበረችው ሴት «አልሃምዱሊላህ» ብላ በሐኪሙ ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብላለች። በሻሿ ጫፍ ፊቷን ትጠርጋለች። ሐኪሙ ቆሞ ቀረ።

ቀልዱን ዋጥኩና ውሃ ላመጣላት ወጣሁ።