ጆሮና መዶሻ

ታናሽ ወንድሜን አንድ ተራ ቀን ስንት ታስከፍለዋለች? ገንዘቡን ተዉት። ጠዋት ክፍሉ በር ላይ የሰው ክርን ጎኑ ውስጥ ይገባል። ምሳ ሰዓት «ዳታ አለቀብኝ፣ ሙላልኝ!» እያሉ ይስቁበታል። ሸሚዙን ሳጥብ ትከሻው ላይ ደም አገኛለሁ። «ነስሮኝ ነው እትዬ» ይለኛል። አፍንጫው ትከሻው ላይ ነው እንዴ?

የሚማረው ሜካኒካል ምህንድስና ነው። ማሽን ባየ ቁጥር ጆሮውን ካልለጠፈ ስለማያልፍ ጓደኞቹ «ጆሮ» ይሉታል። ለምን እንደሚለጥፍ ግን እነሱ አያውቁም። አባታችን ብረት ሠሪ ነበር። የብረት መቁረጫው ሲያጓራበት አንድ ቡጢ ያቀምሰውና «ዝም በል!» ይለዋል፤ ዝም ይላል። አንድ ቀን መታው፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ዲስኩ ፈንድቶ አንገቱን ቆረጠው። ወንድሜ ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር። የአባቱን ደም ከዓይኑ ጠርጎ «ቀድሞ ነግሮን ነበር እኮ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር» አለ።

ዳታ ሳይንስ የሚባል ኮርስ ግዴታ ሲሆን ክፍሉ በሙሉ አኮረፈ፤ እሱ ግን ፈነጠዘ። እኔ የስልክ ጥቅል መስሎኝ «ለዚህም ትምህርት አለው?» አልኩት። ስቆ አስረዳኝ፦ የደህናና የታመመ ማሽን ድምፅ በብዛት ተቀድቶ ለኮምፒውተር ይሰጠዋል። ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ይለምድና ማሽኑ ሳይፈነዳ «አጥፉት» ይላል። ወንድሜ በየጋራዡ፣ በየወፍጮ ቤቱ ዞሮ ድምፅ ቀዳ።

ሌሎቹ ግን ማንም ክፍል እንዳይገባ ተማምለዋል። መሪያቸው «መዶሻ» የሚሉት ትከሻ ሰፊ ልጅ ነው። ወንድሜ ብቻውን ገብቶ ተቀመጠ። አስተማሪዋ ሳትደርስ መዶሻ በሩን በርግዶ ገባ።

«ተነስ!»

«አልነሳም። ይልቅ አንተ ተቀመጥ።»

«አራት ዓመት ብረት ተሸክመን፣ አሁን ቁጥር ለቃሚ ልታደርገን?»

በወንበር እግር መታው። ሲወድቅ ሌሎቹ ጎድኑን ረገጡት። ላፕቶፑን ከግድግዳ አላተሙት። የመጨረሻው ጥፊ ግራ ጆሮው ላይ አረፈ፤ ታምቡሩ ተቀደደ፣ የውስጥ ጆሮውም ተጎዳ። ሐኪሙ «በዚህኛው ከእንግዲህ አትሰማም» አለው።

ፋሻው ሳይወልቅ መዶሻ ቤቴ መጣ። ልጄን እንዳዘልኩ ዘነዘናውን አነሳሁ።

«እህቴ፣ ምቺኝ፤ ይገባኛል።»

«ፈቃድህን ማን ጠየቀህ!» ብዬ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና ሳቀች።

የጨበጠውን እጁን ከፈተ። ድምፆቹ ያሉበት ሚሞሪ ካርድ ነበር፤ ለሁለት ተሰብሯል።

«ሳላውቅ ነው ልል ነበር የመጣሁት» አለ። «አውቄ ነው ከላፕቶፑ ሲወድቅ በተረከዜ የሰበርኩት። ኮምፒውተር ብረት ካወቀ እኛን ማን ይፈልገናል ብዬ።»

ወንድሜ ከተኛበት ደህናውን ጆሮውን አዞረለት። «ኮምፒውተር ያለቀ ኩሽኔታ አይቀይርም፤ ይጮሃል እንጂ። ሮጦ የሚያጠፋው፣ ፈትቶ የሚገጥመው አንተ ነህ፣ አንተ ደደብ!»

ይቅርታ አልተባባሉም። በማግስቱ ግን መዶሻ ክፍል ገብቶ ኋላ ተቀመጠ። «አንተም ዳታ ልትሞላ?» ብሎ የሳቀበትን ልጅ ጥርሱን አራገፈለት። ይህንን አልወደድኩለትም፤ ነግሬዋለሁም።

አሁን ወንድሜ በአንድ ጆሮ ከዜሮ ጀምሯል። ኮርሱ ሳያልቅ በቂ ድምፅ ካልሰበሰበ ሥራው ውድቅ ይሆናል። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝም አንድ ነገር እንድለምንለት ነው። ሥራ ቦታችሁ የሚያጓራ ማሽን ካለ በቡጢ ዝም አታሰኙት። በስልካችሁ ቅዱት፣ ማሽኑን ወዲያው አጥፉት፣ ድምፁን በዚህ መጽሔት አድራሻ ላኩለት። ዳታ አልቆባችሁ እንደሆነም ያላችሁበትን ብቻ ንገሩት፤ መዶሻን ይዞ ይመጣል። አትደንግጡ፣ ልጁን ማለቴ ነው። በር ክፈቱላቸው።