የክፉው ሰውዬ ድምፅ

ወንድሜ በቴሌቪዥን ከተማ ሲያጨልም እናቴ አዋሽ ሰባት ላይ ለሾፌሮች ሽሮ ታቀርብ ነበር።

ተዋናይ አልነበረም፤ ፊቱን ስክሪን ላይ ያየው ሰው የለም። ከውጭ የሚመጣ ተከታታይ ድራማ ወደ አማርኛ ሲመለስ ድምፅ ከሚሰጡት አንዱ ነበር። ድራማው ልዩ ኃይል ስላለው ወጣት ነው፤ ከፎቅ ፎቅ ይዘላል፣ ጥይት አይበሳውም፣ የተጠቃ ሰው ባለበት ይደርሳል። ጠላቱ ደግሞ ረጅም ካፖርት የሚለብስ ሰውዬ ነው። እጁን ሲዘረጋ የአንድ ሰፈር መብራት ይመጠጥና ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ከዚያ በጨለማው ውስጥ ያሻውን ያደርጋል። ለወንድሜ የደረሰው የዚህ ሰውዬ ድምፅ ነው።

የወንድሜ ድምፅ ከልጅነቱ ወፍራም ነበር። ወላጆቻችን ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ በከፈቱት ምግብ ቤት ነው ያደግነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ቤቱን የያዘችው እናታችን ናት። ወንድሜ ከትምህርት ቤት መልስ በሩ ላይ ቆሞ ትእዛዝ ወደ ጓዳ ሲያስተላልፍ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ጅቡቲ የሚመላለሱት ሾፌሮች አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ሂድ ይሉት ነበር። እሱም አመናቸው። አዲስ አበባ ለትምህርት እንደሄደ ቀረ፤ ትንሽ ተንከራትቶ ያንን ሥራ አገኘ።

መጀመሪያ ላይ እናቴ ደስ አላላትም። ጎረቤቶቿ "ልጅሽ ትናንት ሰው ፈጀ" እያሉ ይቀልዱባታል። አዋሽ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ የእሷን ልጅ ይከሳል፤ ሕፃናቱ በራችን ድረስ መጥተው "መብራታችንን ይመልስልን" ብለው ይሮጣሉ። ስልክ ደውላ ጥሩውን ሰውዬ እንዲሰጡት እንዲለምናቸው ነገረችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ይሰማኛል።

"እማ፣ ጥሩው እኮ ብዙ አይናገርም፤ ይዘላል እንጂ። የሚያወራው ክፉው ነው" አላት።

ሳቀች። ከዚያ በኋላ ድራማው ሲጀምር ድስቱን ለሠራተኛዋ ትታ ሾፌሮቹ መሃል ትቀመጥ ጀመር። ጀግናው ሲያሸንፍ ሌላው ያጨበጭባል፤ እሷ አታጨበጭብም። ክፉው ሰውዬ ሊናገር ሲል ግን "ስሙ" ትላቸዋለች።

በሁለተኛው ዓመት ድምፁ ሻከረ። ከመጮህ ነው አለን፤ እኛም ከመጮህ ነው አልን። ዳይሬክተሩ ወደደው። ሻካራው ድምፅ ሰውዬውን ይበልጥ አስፈሪ አደረገው። ሰመራ፣ እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ እንኳ ባልደረቦቼ ያን ድምፅ እያስመሰሉ ሲጫወቱ እሰማ ነበር። የእኔ ወንድም መሆኑን ስነግራቸው አድናቆታቸውን ንገሪው ይሉኛል፤ ነገርኩት፤ ደስ አለው። እሱ እየታመመ በሄደ መጠን ሰዉ እያደነቀው መጣ። በኋላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ጉሮሮው ላይ ዕጢ ተገኘ፤ ዘግይቶ ነበር።

ሕክምናው መሃል ለአጭር ጊዜ ወደ አዋሽ መጣ። መናገር የሚችለው በሹክሹክታ ብቻ ነው። የምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተንለት ይቀመጣል፤ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ከባድ መኪና ያልፋል፤ እናቴ ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግታ መኪናው እስኪርቅ ትጠብቃለች። ሥራውን እንዴት እንዳደረገው ጠየቀችው። ጨርሻለሁ አላት። ክፉው ሰውዬ እስኪሞት ድረስ ያለውን ቀድቼ አስረክቤያለሁ፣ አሁን ማረፍ ብቻ ነው የቀረኝ አላት። እሷም አልሐምዱሊላህ አለች።

አዲስ አበባ ተመልሶ ሆስፒታል ገባ፤ እኔም ፈቃድ ወስጄ አጠገቡ ሆንኩ። መጨረሻ ላይ የሚፈልገውን በእጁ ነበር የሚያሳየኝ፤ ውሃ፣ ትራሱን፣ መስኮቱን። አንድ ጠዋት ሱብሒ ሰግጄ ስመለስ ዐይኑ ተከድኖ ነበር። የተኛ መስሎኝ ጫማዬን አውልቄ በቀስታ ገባሁ። እጁን ስነካው ነው ያወቅሁት።

ወደ አዋሽ አምጥተን ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ሾፌሮቹ መኪኖቻቸውን መንገድ ዳር አሰልፈው ጀናዛውን ተሸከሙ።

ድራማው ግን አልቆመም። ቀረጻው የሚሠራው ከሚታይበት ጊዜ ቀድሞ ነውና የወንድሜ ድምፅ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ለቅሶ ላይ እያለን ጎረቤቶቻችን ለእኛ ብለው ቴሌቪዥናቸውን ዘጉ። ለቅሶው ሲበተን ግን የሰው ቤት ወደ ኑሮው ይመለሳል። አንድ ቀን እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ወንድሜ ከአጥሩ ማዶ፣ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ሳቀ። ያ የክፉው ሰውዬ ሳቅ። እርጥቡን ልብስ በእጇ እንደያዘች ቆመች። እኔ ከቤት ስወጣ ውሃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ ቀሚሷን አርሶት ነበር፤ እሷ አላወቀችም። ጎረቤታችን አውፍ በይኝ ብላ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትመጣ እናቴ ከዚያ በኋላ እንዳትዘጋው ለመነቻት። ግን ማታ አልተኛችም፤ ምግብም አልበላ አላት። ስለዚህ ምግብ ቤቱን ለሠራተኛዋ አደራ ሰጥተን ሰመራ ይዣት ሄድኩ። ሚሌ ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆሞ እንኳ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

ሰመራ ቤቴ ቴሌቪዥን ነበረኝ፤ አልከፍተውም። እሷም አልጠየቀችም። እንዲህ እያልን ከረምን፤ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ግን ዛሬ እኮ ይሞታል አለችኝ። ማን እንደሆነ ገባኝ። የአዋሽ ጎረቤታችን በስልክ ነግራት ኖሯል፤ ክፉው ሰውዬ የሚሞትበት ክፍል በዋዜማው ታይቷል፤ ድጋሚው ከሰዓት በኋላ ነው። ማየት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም" አለችኝ።

ቴሌቪዥኑን ልከፍት ስል መብራት የለም። ሰመራ በዚያ ሰዓት እሳት ናት፤ ቢሆንም ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ጄኔሬተር ያለው ካፌ የአንድ የወሎ ሰው ነው፤ ታሪካችንን ያውቃል። ገብተን ስንቀመጥ ድራማው ተጀምሮ ነበር። ባለቤቱ እናቴን ሲያይ ሪሞቱን አንስቶ መጣ።

"እናቴ፣ ልቀይረው?"

"ተወው ልጄ፤ ድምፁን ብቻ ጨምርልኝ።"

ጀግናው ክፉውን ሰውዬ አሮጌ ፋብሪካ ውስጥ አግኝቶታል። ሰውዬው ቆስሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ የሰረቀው መብራት በቁስሉ በኩል እየፈሰሰ ይወጣል። ከዚህ በፊት ባልተደረገ ሁኔታ ስለ ራሱ መናገር ጀመረ፤ እሱም እንደ ማንም ሰው መብራት ባለበት ቤት መወለዱን፣ እናቱ ሌሊት ፋኖስ ይዛ ትፈልገው እንደነበር። ወንድሜ ይህን ሲናገር ትንፋሹ ያጥረዋል። ካፌው ውስጥ የነበሩት ወጣቶች ትወና መስሏቸው "ወይ ችሎታ" አሉ። እኔ ግን ያን ትንፋሽ ከአልጋው ራስጌ ሆኜ ስሰማው ስለከረምኩ አውቀዋለሁ። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ታደርጋለች።

ጀግናው መለሰለት። ከዚያ ክፉው ሰውዬ እንደገና አፉን ሲከፍት የወጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነው። አስመስሎታል፤ ሻካራነቱንም ውፍረቱንም ለማምጣት ታግሏል። ካፌው ውስጥ ማንም አላስተዋለም። እናቴ ግን እጄን ያዘች።

"እዚህ ጋ ነው የሄደብኝ" አለች።

ጨርሻለሁ ያላት ልጇ አልጨረሰም ነበር። ሰውዬው በሌላ ሰው ድምፅ ለመነ፣ በሌላ ሰው ድምፅ ወደቀ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እናቴ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ያለ ቂም። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ይዛው የቆየችውን ለቅሶ አለቀሰች። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ወጣቶቹ ነገሩ ሲነገራቸው አንድ በአንድ ተነሥተው እየመጡ አላህ ያጽናሽ አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ሆነ፤ ሥራውን የጨረሰው ማን ነው? የወንድሜን ጓደኞች ጠይቄ ሰውዬውን በስልክ አገኘሁት። ማንነቴን ስነግረው እሱም ድምፅ ሰጪ መሆኑን፣ በቀረጻው ቀን ስቱዲዮ ውስጥ እንደነበረ ነገረኝ። ወንድሜ የመጨረሻውን ክፍል ሊቀዳ ገብቶ መሃል ላይ ውሃ ጠየቀ፤ ውሃውን መዋጥ አቃተው። ይህንን ሰው በጣቱ ጠርቶ የራሱን የጆሮ ማዳመጫ አውልቆ ሰጠው፤ ወንበሩን ለቀቀለት። እስኪያልቅ ድረስም ወንድሜ ከስቱዲዮው መስታወት ማዶ ቆሞ ሲሰማው ነበር፤ ሲጨርስም ራሱን ነቀነቀለት። ይህንን ነው የነገረኝ። እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝ። አመሰገነችው፤ እናቱ በሕይወት መኖሯን ጠየቀችው፤ አለች ሲላት ሳትደውልላት እንዳትውል አለችው። እሱ ማልቀስ ስለጀመረ ንግግሩ በዚያው ቆመ።

እናቴ ወደ አዋሽ ተመልሳ ምግብ ቤቷን ይዛለች። መብላት ጀምራለች፤ እንቅልፏ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ለዒድ እኔ አዋሽ ሄጄ ሳለ ያ ሥራውን የጨረሰው ሰውዬ ሚስቱን ይዞ መጣ። መቃብሩን ማየት ፈለገ። እኔና እናቴ የመካነ መቃብሩ አጥር ጋ ቆምን። ክርስቲያን ስለሆነ ምን ማለት እንዳለበት በሹክሹክታ ጠየቀኝ፤ የመጣልህን በለው አልኩት። ገብቶ ብዙ ቆየ። ከርቀት ጎንበስ ብሎ ሲናገር እናየዋለን፤ ነፋሱ ወዲያ ስለሚወስደው ቃሉ አይሰማም። ሲወጣ ዐይኑ ቀልቷል። እናቴ ምን እንዳለው አልጠየቀችውም። ፀሐይ መታችህ፣ ና ምሳ እንብላ ብላ ክንዱን ይዛ ከፊታችን ሄደች።