የባለመርከቡ ከንቲባ አዳራሽ

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ስቶክሆልም ያለን ጴንጤዎች የምናመልከው በየቤታችን ነበር፤ አንድ እሑድ ሪንከቢ ሰፈር፣ አንድ እሑድ ሱንድቢበሪ። በደርግ ጊዜ ተደብቀን ስንጸልይ በሹክሹክታ መዘመር ለምደናል። እዚህም ያው ሆነ፤ ልዩነቱ እዚህ ግድግዳ የሚደበድበው ካድሬ ሳይሆን ጎረቤት መሆኑ ነው። ጎረቤቶች በየተራ ከከሰሱን በኋላ የምንሰበሰብበት ቤት አጣን። "አዳራሽ ካላገኘን መበተናችን ነው" አሉ ሽማግሌያችን።

እኔ ያን ጊዜ ሶደርማልም በሚባል ሰፈር የአንድ ሕንፃ ደረጃ አጸዳ ነበር። ከሕንፃው ነዋሪዎች አንዱ፣ ስዊድናዊ አዛውንት፣ ከቤተሰብ የወረሱት አሮጌ መጋዘን ባዶውን እንደተቀመጠ አውቅ ነበር። ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ቤታቸው አስገብተው አንድ ትልቅ የሰው ሥዕል አሳዩኝ። "የዘራችን አባት ናቸው" አሉ።

አዛውንቱ እንደነገሩኝ፣ በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰው ሁግኖ ነበሩ፤ በእምነታቸው ምክንያት ከተሳደዱት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ወገን። በልጅነታቸው መርከብ ሆድ ውስጥ ተደብቀው ሲያመልጡ፣ መዝሙር እያንጎራጎሩ እንዳያስይዟቸው እናታቸው አፋቸውን በእጇ አፍና ነው ያሻገረቻቸው። አድገው የብዙ መርከቦች ጌታ ሆኑ፤ በተጠለሉባት የወደብ ከተማም ከንቲባ። ስደተኛ የጫነ መርከብ ሲመጣ ሹማምንቱ ቢያንገራግሩ፣ ከንቲባው ራሳቸው በጀልባ ወጥተው ይቀበሉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነፍሴ ይወዳል። የእኛዎቹ ወንበር ሲያገኙ ምን እንደሚሆኑ ስለማውቅ፣ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ሥዕሉ ፊት ቆሜ ቀረሁ።

"እሑድ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ አምልኩ፤ አይቼ እወስናለሁ" አሉኝ አዛውንቱ።

ተማከርን። ጨዋነታችንን ለማሳየት ድምፃችንን ከወትሮውም ዝቅ ልናደርግ ተስማማን። እሑድ ዕለት አዛውንቱ መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ሲያዩን፣ ልጆቹ እንኳ ትንፍሽ አላሉም። እኔማ ኮርቼ ነበር፤ ከእኛ የተሻለ ተከራይ ከወዴት ይመጣል?

ሦስተኛው መዝሙር ላይ አዛውንቱ ፊታቸው ጠቁሮ ተነሡ። "አዝናለሁ፤ ልሰጣችሁ አልችልም።"

"ረበሽንዎት?" አልኳቸው።

"ከንቲባው ይህን ያሠሩትን መጋዘን ለዘራቸው ሲያወርሱ አንድ ቃል ብቻ ነው ያስቀመጡት፤ እዚህ ቤት ማንም አፉን ታፍኖ እንዳያመልክ። እናንተ ማንን ነው የምትፈሩት?"

ለጉባኤው ተረጎምኩ። ቁጣ መጣብኝ፤ በእሳቸው አይደለም፣ በራሳችን።

ቀድሞ አፉን የከፈተው ባለቤቴ ነው። የተዋወቅነው አገር ቤት በድብቅ ጸሎት ላይ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስንኖር ድምፁን ለቅቆ ሲዘምር ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ጣሪያው እስኪነቃነቅ ለቀቀው። አዛውንቱ ተመልሰው ተቀመጡና የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለሽማግሌያችን ዘረጉ።

ለካ የእኔ ሰው ዜማ በዞረበት አልዞረም! ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቅም ነበር። እንባዬ እየወረደ፣ እሱ ዜማውን እንደሳተ እኔም ጮኼ ተከተልኩት።