እሽቅድምድም መሀል የገባው አምቡላንስ

ሰፈሩ የሚጠራው ጡሩምባው እያለ ነው። አምቡላንስ ነጂ ነው። የመኪናው ጡሩምባ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ አለቆቹ «ጠብቅ፣ ይገዛል» አሉት። እሱ ጠበቀ፤ ምጥና ደም ግን አይጠብቁም። ስለዚህ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ በገዛ ጉሮሮው መጮህ ጀመረ። ማታ ቤቱ ሲገባ ድምፁ ተዘግቶ በእጁ ነው የሚያወራው። ሚስቱ፣ «ለአገሩ ስትጮህ ውለህ ለእኛ ዲዳ ሆነህ ትመጣለህ» ትለዋለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ያስቃል። የሰው ጉሮሮ የመኪና መለዋወጫ ሲሆን የሚስቅ እንጂ የሚያፍር አልተገኘም።

የዚያን ቀን የጫነው የሰፈሩን ዳቦ ቤት ሠራተኛ ነበር። ምጥ ጠንቶባታል፤ ሕፃኑ በእግሩ መጥቷል። የጤና ጣቢያው ነርስ «ትልቁ ሆስፒታል ካልደረሰች አለቀላት» ብላ ከኋላ ገባች። የወላዷ እናትም የልጇን እጅ እንደያዘች አብራ ተሳፈረች።

መገንጠያው ላይ መንገዱ በገመድ ተዘግቷል። ባለጸጎች የጥንት መኪኖቻቸውን እየነዱ በእሽቅድምድም ከአህጉር ወደ አህጉር ሲሻገሩ በዚያ ሊያልፉ ነው። ስንት ክረምት የከረመው ጉድጓድ ለእነሱ ሲባል ባንድ ሳምንት ተደፍኗል፤ ለካስ አስፋልት ጠፍቶ አልነበረም። ከገመዱ ወዲህ ሚኒባሱና የጭነት መኪናው ተደርድሮ ፀሐይ ይጠብሰዋል።

ለዕለቱ ከሌላ ከተማ የመጣው ፖሊስ ክብ የፊት መብራቶቹን፣ የዛገውን አፍንጫ፣ የተላላጠውን ቀይ ምልክት አየና ፈገግ አለ።

«አምቡላንስም አላቸው እንዴ? ከጓደኞችህ ቀረህ እኮ። ቁጥርህ የት ወደቀ?»

ጡሩምባው ሊመልስ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አለች ነርሷ ከኋላው ቀስ ብላ። «ካወቁብን እዚሁ ያቆሙናል።»

ዝም አለ። ፖሊሱ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ ገመዱን አነሳ፤ ሰላምታም ሰጠው።

መንገዱ ባዶ ነበር። ጡሩምባው በዕድሜው እንደዚያ ነድቶ አያውቅም።

«እኛም ለወጉ ሀብታም ሆንን» አለች ነርሷ።

«እንዲህ ከሆነማ ልጄ፣ በየቀኑ ይሽቀዳደሙልን» አለች እናትየዋ። ልጇም በምጧ መሀል ፈገግ አለች።

ከተማ ሲገቡ ሳቁ አለቀ። ግራና ቀኝ ገመድ፣ ከገመዱ ኋላ ሕዝብ፤ ከፊት የጥንት መኪና፣ ከኋላ የጥንት መኪና፤ ሁሉም ወደ አደባባዩ ይነዳል። የሆስፒታሉ በር ከገመዱ ማዶ ይታያል፤ መታጠፊያው ግን ታስሯል። ጡሩምባው አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። ሕዝቡ መልሶ ጮኸለት። ደገመ፤ ፉጨትና ጭብጨባ ሆነ።

«እዩልኝ ይሄን» አለ አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያ። «ጡሩምባውን በአፉ!»

«የሰው ያለህ! ሰው ይዣለሁ፣ እየሞተችብኝ ነው!»

«ትወናውስ ብትሉ» አለ አስተዋዋቂው።

ነርሷ የኋላውን በር በርግዳ በደም የተነከረ እጇን እስክታሳይ ድረስ ያመነው የለም። ያን ጊዜ ገመዱን በጠሱት። አልጋውን ተሸክመው የሮጡት እነዚያው ሲያጨበጭቡ የነበሩት ናቸው። ደግ ሕዝብ ነው፤ የሚያንገበግበውም ይሄው ነው። ሕፃኑ እዚያው በሩ ላይ ተወልዶ ተረፈ። እናቱ ከሆስፒታሉ በር አላለፈችም።

በነጋታው ማለዳ ጡሩምባው ለቅሶ ቤት ሄደ።

«እናቴ፣ ገመዱ ጋ እውነቱን ልናገር ነበር» አላት የሟቿን እናት።

«ብትናገር ያሳልፉህ ነበር?»

«እንጃ።»

«እንግዲያ ምን ልበልህ» አለችና ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

ይሄ ጥያቄ የሚገባው ገመዱን ላሳሰሩት ነበር። እነሱን ማን ይጠይቃል? እንግዳ እየሸኙ ናቸው።

አለቃው አስጠራው። ሊያጽናናው መስሎት ሄደ።

«መኪናዋን እጠባትና አደባባይ አምጣት። እንግዶቹ ሳይሄዱ ፎቶ ሊነሱ ፈልገዋል። በአፍህ የምታደርጋትንም አሳያቸው።»

«ጌታዬ፣ ትናንት እኮ ሰው...»

«ሰምቻለሁ፤ እግዜር ያጽናቸው። ቶሎ በል።»

ልጆች አሉት፤ ወሰዳት። ከሚያብረቀርቁት መኪኖች ጎን አቆማት። እንግዶቹ ከበቡት፤ አንዱ እጁን ወደ አፉ እየወሰደ «ጩህ» በሚል ምልክት ለመነው። ጡሩምባው ጥርሱን ነክሶ ቆመ። የዕለቱ አስተዋዋቂ ሌላ ሰው ነው፤ የትናንቱን ጩኸት እንጂ ሞቱን የነገረው የለም።

«ዛሬ አፍሯል መሰለኝ» አለ በድምፅ ማጉያው።

ሰው ሳቀ።